ለጋሼ በያጁ፦ የበግ ትሬለር ሊያሳብደኝ ሲል ለደረሱልኝ

ኦሮራ፣ ኮሎራዶና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ በግና ፍየል የምታረቡ፣ ይቺን አንብቡልኝ። አንድ ሰው ላመሰግን ነው።

ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ ሜዳው ላይ፣ ትንሽ መሬት አለችን። በግ ከጨረታ እየገዛን አደልበን ለበዓል እንሸጣለን። እስካሁን የምጭነው በተውሶ ትሬለር ነበር። የፋሲካ ሰሞን ግን ማን ትሬለሩን ያውሳል? ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ደግሞ ልጆቹ "ተራራ እንደር" ይላሉ። እኔና ባለቤቴ አሰብንና ከኋላ በግ የሚጭን፣ ከፊት አልጋና ምድጃ ያለው ትሬለር እንግዛ አልን። ፈረስ ያላቸው ሰዎች የሚይዙት ዓይነት ማለት ነው። አንዱን አየንና ልባችን ሸፈተ። ቀብድ ልከፍል ስል ባለቤቴ "መጀመሪያ ለጋሼ አሳያቸው" አለችኝ።

ጋሼ (ስማቸው እንዲጻፍ አልፈቀዱም) በያጅ ናቸው። ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚህ ስንት ዓመት ትሬለር ሲጠግኑ ኖረው ዛሬም ቤሪንግ አይሉም፤ ኩሽኔታ ነው።

የትሬለሩን ፎቶ ባሳያቸው ዞር ብለው አላዩትም። "መኪናህን አምጣ" አሉኝ። የሹፌሩን በር ከፍተው እዚያ የተለጠፈችውን ወረቀት አነበቡ። ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከ1,500 ፓውንድ እንዳይበልጥ ትላለች። ሦስት ዓመት ስነዳ አንድ ቀን አንብቤያት አላውቅም።

"ይቺ መኪና 10,000 ፓውንድ ትጎትታለች ብለውሃል አይደል?"

"አዎ ጋሼ።"

"መጎተቱንስ ትጎትት። እኔ የምጠይቅህ የምትሸከመውን ነው።"

ካርቶን ቀደው ሂሳብ ጀመሩ። ከትሬለሩ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው፣ ትሬለሩ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት በሂቹ በኩል መኪናው ላይ ያርፋል። ማረፍም አለበት፤ ካነሰ ትሬለሩ ሲፈጥን ጭራውን ማወዛወዝ ይጀምርና መኪናውን ይዞት ይሄዳል። ያ ያማረኝ ትሬለር ከነበጉ፣ ከነውሃው 8,000 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። የዚያ 15 በመቶ 1,200 ነው። እኛ አምስት ነን፤ ከነጓዛችን 800 ፓውንድ እንሆናለን። ድምሩ 2,000። "በጎቹን ብታወርዳቸው እንኳ ከ1,500ው ያልፍሃል" አሉኝ። "ይህን ጭነህ ነው ከአይዘንሃወር ዋሻ ወዲያ ቁልቁል የምትወርደው?" መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ዋሻው ከ11,000 ጫማ በላይ ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ላላቸው ከባድ መኪኖች የጠጠር መውጫ የተሠራለት ነው። ቀብዱ ኪሴ ውስጥ ቀረ።

እሳቸው የመከሩኝ ተራ የከብት ትሬለር ነው። 16 ጫማ፣ መሐሉ ላይ የሚዘጋ በር ያለው፣ ባዶውን 3,200 ፓውንድ። አሥራ አምስት በግ ቢጨመርበት 5,000 ገደማ ነው፣ መኪናዬ አትጨነቅም።

ለማየትም አብረውኝ ሄዱ። የመጀመሪያው ትሬለር አዲስ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ጋሼ ቀለሙን ትተው የጎማ ምንጣፉን ገለጡ፤ ጣውላውን በካቻቢቴ ወጋ ሲያደርጉት እንደ ድፎ ዳቦ ገባ። ስንት ዓመት የከብት ሽንት ጠጥቷል! ቀጥሎ ጎማው ጎን ላይ ያለውን ቁጥር አሳዩኝ። 2215 ይላል፤ በ2015 በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ግን አዲስ ይመስላል። "ጥርሱን አትይ፤ የትሬለር ጎማ ቆሞ ነው የሚያረጅ" አሉ። ሻጩ ዝም አለ። እኛም ተሰናበትን።

ሁለተኛውን ገዛሁ። ጋሼ ሁለት ጣውላ ቀየሩ፣ ኩሽኔታውን ግራሶ አደረጉ፣ የትሬለሩን ፍሬን የሚያዘውን ኮንትሮለር መኪናው ላይ ገጠሙ። ከሁሉ የገረመኝ ግን አልጋው ነው። ግድግዳው ላይ ማቀፊያ በየዱልኝ፤ ተጣጣፊዎቹ አልጋዎች በብሎን ይታሰራሉ፣ በግ የሚጫን ቀን ተፈተው ይወርዳሉ። የመኝታውን ደንብም ነገሩኝ። ምንጣፉ ወጥቶ፣ ውስጡ በሳሙና ታጥቦ፣ የጀርም መድኃኒት ተረጭቶ፣ በደንብ ሳይደርቅ ልጅ አይተኛበትም። ማታ የአየር መግቢያው አይዘጋም። ትሬለሩ ውስጥ ከሰልም ሆነ የጋዝ ምድጃ አይታሰብም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ቡናችን ውጭ ነው የሚፈላው፣ ድንኳን ጥላ ሥር።

ባለቤቴ "አሁንም በግ በግ ይላል" ትላለች። አልዋሽም፣ ይላል። ልጆቹ ግን ግድ የላቸውም፤ ባለፈው ሁለት ሌሊት አድረንበት ሦስተኛውን ካልጨመርን ብለው አልቅሰዋል።

ለሥራው የጠየቁኝ ተመጣጣኝ ነው። ለምክሩና አብረውኝ ለዋሉበት ቀን ልክፈል ብላቸው ተቆጡኝ። በግ ላመጣልዎት ስላቸው ግን አልተቆጡም።

አንድ ወቀሳ አለኝ፣ እሳቸውም ያውቁታል። ሐሙስ ካሉ ቅዳሜ ነው። ስልክም ቶሎ አያነሱም። ለበዓል የሚያስፈልጋችሁን በበዓል ሳምንት ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ ከወር በፊት ንገሯቸው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። እሑድ ጠዋት አትደውሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ስትሄዱም የመኪናችሁ በር ላይ ያለችውን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሷን ነው።