የሸለቆ ትኩሳት፦ ቆዳ ይመርመር ወይስ ደም?

አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ አቧራ ሲነሳ የሸለቆ ትኩሳትን የሚያመጣው ኮክሲዲዮይድስ የሚባል ፈንገስም አብሮ ተነስቶ ሳንባ ይገባል። ከተያዙት 60 በመቶ ያህሉ ምንም አይሰማቸውም። ታዲያ ማን እንደተጋለጠ በምን ይታወቃል?

የደም ምርመራው አንቲቦዲ (ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሚሠራውን ፕሮቲን) ይፈልጋል። አሁን የታመመን ለመለየት አሪፍ ነው። ግን አንቲቦዲው በወራት ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል የድሮውን አይናገርም።

ቆዳ ግን ቶሎ አይረሳም። ልክ እንደ ቲቢ የቆዳ ምርመራ፣ ክንድ ላይ ትንሽ ይወጋል። ከ48 ሰዓት በኋላ ቦታው 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ጠጠር ብሎ ካበጠ ሰውየው ተጋልጦ ያውቃል። (በሽታው ክፉኛ የጸናበት ሰው ቆዳ ግን ዝም ሊል ይችላል።)

በየዕድሜው ስንቱ እንደተጋለጠ ለማነጻጸር የቆዳውን ምርመራ እመርጣለሁ። የ60 ዓመት አዛውንት ክንድ ቢያብጥ መቼ እንደያዛቸው አይታወቅም። እዚያው ተወልዶ ያደገ የ6 ዓመት ልጅ ከሆነ ግን የተያዘው በእነዚያው 6 ዓመታት ውስጥ ነው።