ሳፋው የሚገባበት ሲንክ

እማዬ ዕቃ የምታጥበው ተቀምጣ ነው። ዱካዋን ታስጠጋለች፣ ሁለት ሳፋ ፊቷ ታስቀምጣለች። አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። አምና ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ያለውን ቤታችንን ማዕድ ቤት ስናድስ «ሲንክ እናስገጥማለን» ብላት ሳቀችብኝ። «አስገጥሙ። ሳፋዬን ብቻ እንዳትነኩብኝ!»

ይኸው ሲንኩ ከተገጠመ ስምንት ወር ሆነው። በዚህ ጊዜ አንድ ሲንክ፣ ሁለት ቧንቧና ሁለት ሲፎን (ከሲንኩ ሥር የሚገጠመው የፍሳሽ መውረጃ) ሞክሬያለሁ። ሲንኩ ተርፏል። የመጀመሪያው ቧንቧና የመጀመሪያው ሲፎን ዕቃ ቤት ተጥለዋል። ማዕድ ቤት ልታድሱ ያሰባችሁ ካላችሁ የእኔን ገንዘብ ጥፋት አትድገሙት።

ለመግዛት ስወጣ ልቤ ያረፈው ባለ ሁለት ጉድጓዱ ላይ ነበር። ፎቶ ላይ ያምራል፣ ጓደኞቼም ያላቸው እሱ ነው። ደግነቱ ከቤት ስወጣ የእማዬን ሳፋ አፍ በሲባጎ ለክቼ፣ ጫፉን ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር። 40 ሳንቲ ሜትር። ባለ ሁለቱ ሲንክ ከውጭ 82 በ45 ነው፣ ሲያዩት ሰፊ ነው። ሲባጎዬን ውስጡ ዘረጋሁት። መሐሉ ላይ ግድግዳ አለ፣ ዙሪያውን ጠርዝ አለ፤ አንዱ ጉድጓድ 36 አይሞላም። ሳፋው አይገባም። የቡሆው ዕቃም አይገባም። የበዓሉ ድስትማ አይታሰብም። ባለሱቁ ሲባጎዬን አይቶ «እህቴ፣ ልብስ ልታሰፊ ነው እንዴ?» አለኝ።

ባለ አንድ ጉድጓዱን ወሰድኩ። ከውጭ 68 በ48፣ ከውስጥ 62 በ42፣ ጥልቀቱ 22። ዋጋው 11,500 ብር። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለማይጨበጥ ይህን ቁጥር ብዙ አትመኑት። የሲባጎዋን ነገር ግን እመኑኝ።

ስለ ብረቱ ደግሞ። ገበያው ውስጥ ሁሉም ባለሱቅ ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት አለችው። ሲንኩ ላይ ያስጠጋታል፣ ትወድቃለች። «አየሽ? አልያዘችም! ኦሪጅናል ነው።» እኔም አምኜ ነበር። ብረታ ብረት የሚሠራ የአጎቴ ልጅ ነው ያነቃኝ። ጥሩው 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ዓይነት ነው፤ 18 በመቶ ገደማ ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ገደማ ኒኬል አለበት። ርካሹ 201 ኒኬሉ ተቀንሶ ማንጋኒዝ የተጨመረበት ነው፣ ቶሎ ይዝጋል። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ማግኔት ሁለቱንም አይይዝም። የሚይዘው ኒኬል የሌለውን 430 ነው። ስለዚህ ማግኔቷ የምትለየው ከሁሉም የወረደውን ብቻ ነው። 304 የሚለውን ስቲከር ደግሞ ማንም አትሞ መለጠፍ ይችላል።

እኔ ያደረግኩት ይኸው ነው። ሲንኩን ገልብጬ ሆዱን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት፤ ቀጭኑ እንደ ዘይት ቆርቆሮ ገባ ወጣ ይላል፣ የእኔው አልተነቃነቀም። በጣቴ መታሁት፤ ከሥሩ ጥቁር የጎማ ንጣፍ ስላለው ድምፁ የታፈነ ነው። የውፍረቱን ነገር ውሃ መውጫው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ማየት ይቻላል። አንድ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥሩ ነው። 0.6 ከሆነ ድስት ባስቀመጣችሁ ቁጥር ሰፈሩ ይሰማል። እንዲህም ሆኖ 304 ነው ብዬ አልምልም። ወፍራም መሆኑን ግን እምላለሁ።

ሲንኩን ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው የወሰድኩት። አዲሱን የአባይ ድልድይ፣ 380 ሜትሩን፣ ታቅፌው ተሻገርኩ። ባለ ባጃጁ «ልጅ ክርስትና ይመስል!» ብሎ ሳቀብኝ።

ግራናይቱን ሲንኩ ቤት ሳይገባ እንዳታስቆርጡ። ቆራጩ «መጠኑን ብቻ ንገሪኝ» ቢልም እሺ አትበሉት። ቁመቱ ላይ ደግሞ ከግንበኛው ጋር ተጨቃጭቀናል። እሱ 90 ሳንቲ ሜትር አለ፣ የተለመደው ነው። እማዬ አጭር ናት፤ 90 ላይ ክንዷ ትከሻዋ ላይ ሊደርስ ነው። 83 አስደረግኩት። እኔ ትንሽ ጎንበስ እላለሁ፣ ምንም አይደል።

አሁን ወደ ቧንቧው። ያለቀስኩት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት 6,800 ብር የወጣበት፣ አንገቱ እንደ ዝይ የረዘመ፣ ራሱ ተመዝዞ የሚወጣ፣ ሁለት ዓይነት አረጫጨት ያለው ነው። ሱቁ ውስጥ ራሱን መዝዤ ስለቀው ተመልሶ ቦታው ቁጭ ሲል ልቤ ጠፋ። ተገጠመ። ከፈትኩት። የሕፃን ሽንት! ሠራተኛው ፈታው፣ መልሶ ገጠመው፣ ቴፍሎኑን ቀየረ። ያው ነው። «ዕቃው ፌክ ነው» ብሎኝ ሄደ።

ዕቃው ፌክ አልነበረም። ማታ ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ወረቀት አነበብኩት። ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋል ይላል። የእኛ ቤት ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሌሊት ይመጣል፣ ሮቶውን እንሞላለን፣ ቀን የምንጠቀመው ከሮቶው ነው። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ አንድ ባር ገደማ ግፊት ይሰጣል። የእኛ ሮቶ ከቧንቧው አፍ በላይ ሦስት ሜትር ቢሆን ነው። ይኸ 0.3 ባር ነው። ያ ሁሉ ቀጭን ቱቦ፣ ያ ሁሉ ወንፊት፣ ያ ሁሉ መርጫ በ0.3 ባር ከየት አምጥቶ ይርጭ? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የከተማው ውሃ በቀጥታ ሲመጣ ከፈትኩት። እንደ ጢስ ዓባይ ወረደ! ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዕቃ የሚያጥብ ማን ነው?

ሌላም ጣጣ ነበረው። ሚክሰር ነው፤ የሙቅና የቀዝቃዛ ሁለት ቱቦ አለው። ማዕድ ቤታችን ሙቅ ውሃ የለውም፣ ባሕር ዳርም ሙቅ ውሃ የሚያስናፍቅ ከተማ አይደለም። ሠራተኛው የሙቁን ቱቦ በታፓ ደፈነው። ስለዚህ እጀታውን መሐል ላይ ካደረጋችሁት የውሃው ግማሹ መንገድ ዝግ ነው። እማዬ እጀታውን ሁልጊዜ መሐል ላይ ታነሳዋለች። «ይኸ ነገር ታሟል» ትላለች። ሚክሰር ገዝታችሁ ሙቅ ውሃ ከሌላችሁ ቀዝቃዛውን በቲ (ሦስት አፍ ባለው መገጣጠሚያ) ከፍላችሁ ለሁለቱም ቱቦ አስገቡለት። በሌላ ሠራተኛ ይህንን አሠራሁ፣ ትንሽ ተሻለው። ግን ትንሽ ብቻ።

በሁለተኛው ወር ሸጬው ልገላገል ብል የሚገዛኝ ጠፋ። ሄጄ ለቀዝቃዛ ብቻ የሆነ፣ አንድ እጀታ ያለው፣ አንገቱ የሚዞር ተራ ቧንቧ ገዛሁ። 2,400 ብር። ሩብ ዙር ስታዞሩት ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ ውስጡ ጎማ ሳይሆን ሴራሚክ ነው። የመረጥኩት በክብደቱ ነው። ነሐስ ከባድ ነው። የሚገጠምበትን ጥርስ ወደ ውስጥ እዩት፣ የላይ ቅቡ ያልደረሰበት ቦታ ላይ። ቢጫ ከሆነ ነሐስ፣ አመድማ ከሆነ ዚንክ ነው። ባለሱቁ ይህንን ሳይ «አሁንስ ልብስ ሰፊነቱን ትተሽ ወርቅ አንጥረኛ ሆንሽ» አለኝ። ያው ሰውዬ ነው።

ይኸኛው ከሮቶው በሚመጣ ውሃ የሁለት ሊትር ጆግ ሳይቆራረጥ ይሞላል። እስካሁን አላንጠባጠበም። አንድ ሥራ ብቻ አለው። ውሃው ቆይቶ ሲመጣ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ቡናማ ደለል ይዞ ስለሚመጣ አፉ ላይ ያለችው ወንፊት ትደፈናለች። በየወሩ ፈትቼ አቼቶ ውስጥ አሳድራታለሁ። ነጩ ቅርፊትም አብሮ ይለቃል።

ከሥሩ ደግሞ መዝጊያ ማስገባት እንዳትረሱ። የመጀመሪያው ሠራተኛ አላስገባም ነበር። ቧንቧውን ስንቀይር ሮቶውን ዘግተን ግማሽ ቀን ቤቱ በሙሉ ያለ ውሃ ዋለ።

ሲፎኑ አጭር ታሪክ ነው። መጀመሪያ የተገጠመልን እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋው ነበር። ጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ አለመብላት አይቻልም። (በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛም ቤት አለ፤ አላነሳውም።) እኔ ቆሮሶ ሲንኩ ውስጥ እየፋቅኩ ቅርፊቱን በውሃ እሸኘዋለሁ። ቅርፊቱ እጥፋቶቹ ውስጥ ተደረደረ፣ የቡና አተላው ላዩ ላይ ተጋገረ። በሦስተኛው ሳምንት ሲንኩ ቆመ። ሲፈታ የወጣውን ነገር አልነግራችሁም። አሁን ውስጡ ልሙጥ የሆነ፣ ከሥሩ በእጅ የሚፈታ ጽዋ ያለው ሲፎን ነው። ዓሣውን ደግሞ ጋዜጣ ላይ እፍቃለሁ።

አንድ ጠዋት ሲንኩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። ዛገ! 11,500 ብሬ! ወደ ሱቁ ለጠብ ልሄድ ነጠላዬን አንስቻለሁ። እማዬ ጣቷን ነክራ ነጠብጣቡን ፈተገችው። «ይኸ እኮ የሽቦሽ ነው» አለች። እውነቷን ነው። ማታ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ እርጥቡን ትቼው አድሬያለሁ፤ የዛገው ሽቦው ነው፣ ብናኙ ሲንኩ ላይ ተለጥፏል። በሎሚ ስፈትገው ሄደ። በረኪና ግን አታስነኩት። እሱ የእውነት ብረቱን ይበላዋል፣ ደግሞም ጥቃቅን ቀዳዳ እየሠራ ነው የሚበላው።

ሲንኩን ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት ማዕዘኖቹ በጣም ስለታም ስለሆኑ ነው፤ የሽሮ ቅሪት እዚያ ይደበቃል፣ በጥርስ ብሩሽ ነው የማወጣው። ሁለተኛውን ቧንቧ አምስት። የመጀመሪያውን ዜሮ አልለውም። ሮቶው ፎቅ ላይ የተሰቀለ ወይም ፓምፕ ያለው ሰው ካለ በግማሽ ዋጋ ይውሰደው፣ ካርቶኑም አለ።

እማዬ አሁን ቆማ ታጥባለች። በሳፋዋ ነው ግን። ሳፋውን ሲንኩ ውስጥ ታስገባዋለች፣ ልክክ ይላል፣ ማለቅለቂያውን ውሃ ይዛ ወጥታ ጌሾው ሥር ትደፋዋለች። ዱካዋ መስኮቱ ሥር ሄዷል። ቡና ስትለቅም ትቀመጥበታለች።