ሴንተር ይሻላል ወይስ የሰፈር ትምህርት ቤት?

ፌርፋክስ ካውንቲ (ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ) ያላችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁ 2ኛ ክፍል ኮጋት የሚባለውን የማሰብ ችሎታ ፈተና ተፈትኖ ለሌቭል ፎር፣ ማለትም ለጎበዝ ልጆች የሙሉ ቀን ፕሮግራም፣ ከተመረጠ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ ወይ ሴንተር፣ ማለትም ከተለያየ ሰፈር የተመረጡ ልጆች የሚሰበሰቡበት ትምህርት ቤት፣ ይሄዳል ወይ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ሌቭል ፎር ካለው እዛው ይቀጥላል። ሴንተር ክፍሉ ሙሉ እንደሱ ዓይነት ልጆች ናቸው፣ ሂሳቡም ቀደም ይላል፣ ሰለቸኝ የሚል ልጅ ላለው ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ባሱ! የኛዋ ገና ሳይነጋ ፍርፍሯን በቴርሞስ ይዛ ነው የምትወጣው፣ ጓደኞቿ ደሞ ሰፈር ስለቀሩ ወር ሙሉ አለቀሰች። የሰፈሩ በእግር ነው፣ ግን ክፍሉ የተመረጡትም ያልተመረጡትም ልጆች የተቀላቀሉበት ከሆነ ሁሉም ነገር አስተማሪዋ ላይ ነው የሚወድቀው፣ ጎበዝ ካልደረሰችው ተጨማሪ ወርክሺት ሰጥታው ዝም ነው። ትንሹን ግን እዛው ነው የማስቀረው፣ እሱ ያለ ጓደኛው ክፍል አይገባም በቃ።