ኢታስካ ስቴት ፓርክ በአርቪ፦ መብራት አለ፣ ውሃው ግን በልክ ነው

ሚኒሶታ ለሚኖር ቤተሰብ፣ በአርቪ (ማደሪያ ባለው መኪና) ወጥቶ ጫካ ውስጥ ሐይቅ ዳር ለማደር ኢታስካን በሙሉ ልብ እንመክራለን። በ1891 የተቋቋመ፣ ከስቴቱ ፓርኮች ሁሉ አንጋፋው ነው። ስፋቱ ከ32,000 ኤከር በላይ ነው፤ ከ100 በላይ ሐይቆች አሉት፤ ዕድሜያቸው ከ200 ዓመት ያለፈ ጥዶችም ቆመውበታል። ሚሲሲፒ ወንዝ የሚነሳውም ከዚሁ ከኢታስካ ሐይቅ ነው። ከሚኒያፖሊስ በትንሽ መኪና አራት ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ በአርቪ አምስት ሰዓት ያዙለት። የመጨረሻው ትልቅ የገበያ ከተማ ፓርክ ራፒድስ ነው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን 20 ማይል ያህል ይቀራል፤ ነዳጅና አስቤዛ እዚያው ሙሉ።

አርቪ ተከራይተው የሚሄዱ ብዙዎች ግን አንድ ነገር ላይ ይሳሳታሉ። በግል የአርቪ ፓርኮች መብራት፣ ውሃና የፍሳሽ መስመር ሦስቱም በር ላይ ይጠብቃሉ። ኢታስካ ላይ ቦታችሁ ድረስ የሚመጣው መብራት ብቻ ነው። ውሃ የምትቀዱት፣ ፍሳሽ የምትደፉትም ለዚያ በተዘጋጀው ጣቢያ ሄዳችሁ ነው። ስለዚህ የጉዞው ዕቅድ የሚጀምረው ከታንክ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 25 ጫማ ርዝመት ያለው ተራ የኪራይ ሞተር ሆም አብዛኛውን ጊዜ 40 ጋሎን ያህል ንጹሕ ውሃ ይይዛል። የገላና የሳህን እጣቢ የሚገባበት ታንክ ከዚያ ያንሳል፤ 30 ጋሎን አካባቢ ነው። ሻወሩ በደቂቃ 2 ጋሎን ቢያወርድ፣ አንድ ሰው አምስት ደቂቃ ሲታጠብ 10 ጋሎን ሄደ። ሦስት ሰው ታጥቦ ሲወጣ የእጣቢው ታንክ ይሞላል፤ አራተኛው ሲገባ ውሃው በሻወሩ ወለል በኩል ተመልሶ ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ገላችሁን የካምፑ መታጠቢያ ቤት ታጠቡ፤ የመኪናውን ውሃ ለምግብ፣ ለእጅና ለሽንት ቤት አቆዩት። እንዲህ ካደረጋችሁ አራት ሰው ሦስት ሌሊት ያለ ችግር ያድራል።

የኛ ምግብ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የወጥ ድስት እንዳለ ሲታጠብ ቅቤውና ዘይቱ ታንኩ ውስጥ ይረጋል፤ ቁሌቱም የመጠን መለኪያው ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ መለኪያው ባዶውን ታንክ ሙሉ ነው እያለ ያስቸግራል። ድስቱንና ሳህኑን አስቀድማችሁ በወረቀት ጥረጉና ወረቀቱን ቆሻሻ ውስጥ ጣሉ፤ ከዚያ እጠቡ።

መብራቱም ልክ አለው። የቦታችሁ መብራት 30 አምፕ ከሆነ፣ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ማለት ነው። ኤሲው 13 አምፕ ገደማ ይወስዳል፤ ማይክሮዌቩም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ 1,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 12.5 አምፕ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ ከበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ አዙሩት፤ ምጣዱ ሲሰካ ኤሲውን አጥፉ። የመብራት ሳጥኑ ላይ ለብቻው የቆመ 20 አምፕ ሶኬት ካለ፣ ምጣዱን ከዚያ ሰክቶ ውጭ መጋገር ይሻላል፤ ማራዘሚያው ግን ወፍራም፣ 12 ጌጅ ይሁን። ቀጭን ገመድ ይግላል፣ ይቀልጣልም። ቡናውንም ውጭ ቁሉት፤ ውስጥ ከተቆላ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል። ከሰል ግን መስኮት ቢከፈትም መኪናው ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ይገድላል።

ካምፖቹ ሁለት ናቸው። ፓይን ሪጅ ሰፋ ያለ ነው፤ ለረጅም አርቪ የሚመቸው እሱ ነው። ቤር ፖ ለሐይቁ ይቀርባል፤ ቦታዎቹ ግን ጠበብ ይላሉ፤ ለትንሽ ቫንና ለድንኳን ይሻላል። ምዝገባው ከመግቢያው ቀን 120 ቀን ቀደም ብሎ ይከፈታል። ለምሳሌ ለጁላይ 10 መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ ማርች 12 ማለት ነው። የበጋው ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ስለሚያልቅ በዚያኑ ዕለት ጠዋት ግቡበት። ስትመርጡ የቦታውን ርዝመት ከመኪናችሁ ጠቅላላ ርዝመት ጋር አስተያዩ፤ ከኋላ የሚጎተት ካለ ጨምሩት። ፎቶውንም እዩ፤ ክፍሉ እንዲሰፋ ጎኑ ወደ ውጭ የሚወጣ አርቪ፣ አጠገቡ ዛፍ ካለ አይከፈትም። በአንድ ቦታ የሚፈቀደው እስከ ስድስት ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ነው፤ ዘመድ አዝማድ ከመጣ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ያዙ። የመኪና መግቢያው ለብቻው ይከፈላል፤ የቀንም የዓመትም አለ። ዓመታዊው በሁሉም የሚኒሶታ ስቴት ፓርኮች ያስገባል።

ማገዶ ከቤት አትጫኑ፤ ዛፍ የሚገድል ነፍሳት ስለሚያዛምት ፓርኩ ውስጥ ወይም ፈቃድ ካለው ሻጭ ይገዛል። ምግብ ውጭ አይደር፤ ጥቁር ድብ ያለበት ጫካ ነው። ጁን ላይ ትንኙ አያስቀምጥም፤ መዥገሩ ደግሞ ላይም የሚባለውን በሽታ ስለሚያስተላልፍ ማታ ማታ የልጆችን ብብት፣ ጉልበትና ጀርባ ፈትሹ። እኛን ብትጠይቁን የኦገስት መጨረሻና የሴፕቴምበር መጀመሪያ ይመረጣል።

ለማየት፣ ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበትን ቦታ በማለዳ ሂዱበት፤ ረፋድ ላይ ይጨናነቃል። ውሃው እዚያ ጉልበት አይደርስም፤ ልጆች በድንጋዮቹ ላይ ይሻገራሉ፤ ድንጋዮቹ ግን ያንሸራትታሉ። 10 ማይል የሚሆነው ዋይልደርነስ ድራይቭ የተባለው መንገድ ለብስክሌት ድንቅ ነው።

ስትወጡ ፍሳሹን ደፍታችሁ ውጡ፤ ተከራይታችሁ ሳትደፉ ከመለሳችሁ አከራዮች ያስከፍላሉ። ጓንት አድርጉ፤ ቱቦውን ከመኪናውም ከጉድጓዱም ጋር አጥብቁ፤ መጀመሪያ የሽንት ቤቱን ታንክ ክፈቱ፣ እሱ ሲያልቅ የእጣቢውን። ቅደም ተከተሉ እንዲህ የሆነው ሁለተኛው ውሃ ቱቦውን እንዲያጥበው ነው። ሌላ ጊዜ የፍሳሽ መስመር ባለው ካምፕ ብታድሩም የሽንት ቤቱ ታንክ ሁልጊዜ ዝግ ይሁን፤ ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ይሄድና ደረቁ ታች ይከመራል። እሁድ ረፋድ ላይ ብዙ ሰው ስለሚወጣ መድፊያው ጋ ረጅም ሰልፍ ይኖራል፤ ቁርስ ሳትበሉ ደፍታችሁ ብትመለሱ ይሻላል።