ያገለገለው ሰርቨር ከ14 ወር በኋላ

ለቢሯችን ያገለገለ ሰርቨር የገዛሁት የዛሬ 14 ወር ነው። ሁለት ፓወር ሰፕላይ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ፣ 32 ጊጋ ራም። የሒሳብ ፕሮግራምና የጋራ ፋይሎች ነው የጫንበት። መጀመሪያ ሲነሳ ፋኖቹ አንድ ላይ ሲያጓሩ ጸሐፊያችን «አውሮፕላን ነው እንዴ ያመጣኸው?» አለችኝ።

5ኛው ወር ላይ በራሱ ጊዜ እየጠፋ መነሳት ጀመረ። መብራቱ ነው ብዬ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስ ቀየርኩ። ብሬ ወጣ እንጂ ለውጥ የለም። መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን ሎግ (ማሽኑ ስህተቱን ከነቀኑ የሚመዘግብበትን) የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። የራም ስህተት ተደርድሯል፤ ቀኑ ግን በፈረንጅ 2010 ይላል። የድሮው ባለቤት ጣጣ መስሎኝ ዘጋሁት። እኛ እንኳ ከፈረንጁ የምንዘገየው 7 ወይም 8 ዓመት ነው፤ ይሄ ማሽን ብሶበታል!

ለካ ሰዓቱን የሚያቆየው የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ፣ መብራት ሄዶ ዩፒኤሱም ሲያልቅበት ሰዓቱ ወደ 2010 ይመለስ ኖሯል። ስህተቱ የትናንት ነበር። ሳንቲም የምታክል ሲአር 2032 ባትሪ ናት ሁለት ሳምንት ያስለፋችኝ።

ባትሪዋን ቀይሬ ሰዓቱን ሳስተካክል ሎጉ እውነቱን ተናገረ፦ ኤ2 ስሎት፣ ማለትም ኤ2 የተባለው የራም መሰኪያ። ራሙን ከቢ2 ጋር አቀያየርኩት፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። ስህተቱ ራሙን ተከትሎ ቢ2 ገባ። የታመመው ራሙ ነው ማለት ነው። ኤ2 ላይ ቢቀር ኖሮ ስሎቱን ወይም ፕሮሰሰሩን እጠረጥር ነበር። በኢሲሲ (ስህተት በሚያርመው) ራም አንድ ቢት፣ ማለትም አንዲት የመረጃ ቅንጣት፣ ስትሳሳት ማሽኑ አርሞ ያልፋል፤ ሁለት በአንዴ ሲሳሳቱ ግን ማረም ያቅተውና ይወድቃል። ወራት ሙሉ ዝም ያለው ለዚህ ነው።

ምትኩን ስገዛ «ዲዲአር 3 ራም ሁሉ ያው ነው» ተብዬ የዴስክቶፕ ራም ይዤ መጣሁ። የእኔ ሰርቨር የሚቀበለው ሬጅስተርድ የሚባለውን የሰርቨር ራም ነው። ጭራሽ አልነሳም አለ።

11ኛው ወር ላይ አንዱ ዲስክ ብርቱካናማ መብራት አበራ። ሬይድ 1 ስለሆነ (ሁለቱም ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ ስለሚይዙ) ሥራ አልቆመም፤ ሳላጠፋው ነቅዬ ቀየርኩት። እጄን ከመስደዴ በፊት ግን ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። ጤነኛውን ብነቅል ጉድ ፈልቶ ነበር።

ደግሜ እገዛለሁ? አዎ፣ ግን ከሱቁ ሳልወጣ ሎጉን አስከፍቼ። ባዶ ከሆነም ማን እንዳጠፋው እጠይቃለሁ። ድምፁን እስካሁን አልለመድነውም፤ መስኮት ያለው ዕቃ ቤት ውስጥ አስገብተነዋል።