ሰንሻይንና ሙንላይት ከወራት ሥራ በኋላ፦ ትልቁ መዘግየት ያለው ወረፋው ውስጥ ነው

የአንዱን ኮምፒውተር ማያ በሌላው ላይ በርቀት የሚያሳዩትን ሰንሻይንና ሙንላይት የተባሉ ፕሮግራሞች አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በኮምፒውተር ጨዋታ ነው። እኔ ግን ለወራት የዕለት ሥራዬን የሠራሁት በእነርሱ ነው። ትልቅ ግራፊክስ ካርድ የተሸከመው ከባድ ኮምፒውተር በአንድ ክፍል ተቀምጦ ብሌንደር የተባለውን የሞዴል መሥሪያ ፕሮግራም ያስኬዳል፤ እኔ ደግሞ ቀጭን ላፕቶፕ ይዤ በሌላ ክፍል፣ አንዳንዴም ከሌላ ከተማ ሆኜ ባለ ሦስት ገጽታ ሞዴሎችን እቀርጻለሁ። ሰንሻይን በሰርቨሩ (በከባዱ ኮምፒውተር) በኩል ማያውን እየቀዳ ይጨምቃል፤ ሙንላይት በላፕቶፑ በኩል ተቀብሎ ያሳያል። ሁለቱም ነጻ ናቸው፤ የምንጭ ኮዳቸውም ክፍት ነው። ሙንላይት መጀመሪያ የተሠራው ጌምስትሪም የተባለውን የኤንቪዲያ ጨዋታን በርቀት የማሳያ አገልግሎት እንዲቀበል ነበር፤ ኩባንያው ያንን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያቋርጥ በሰርቨሩ በኩል ክፍተቱን የሞላው ሰንሻይን ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ጥሩ ገመድ ባለበት ቤት ውስጥ ይህ ጥምረት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከመሥራት ጋር ለመወዳደር ጥቂት ብቻ ነው የሚቀረው። ያንን ደረጃ የሚያስገኘው ግን የመስመር ፍጥነት አይደለም። በየደረጃው የሚፈጠረውን ወረፋ ማሳጠር ነው።

ምስሉ በቪዲዮ መልክ መላኩ ለአንዳንዶች ብክነት ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በኤም አይ ቲ የተጀመረው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም የሚልከው የሥዕል ትእዛዝን ነበር፦ «እዚህ መስመር አስምር፣ እዚያ ፊደል ጻፍ» እንደማለት። ማያው በመስመርና በፊደል በተሞላበት ዘመን ይህ ብልህ መንገድ ነበር። ሚሊዮን ሦስት ማዕዘን ባለው ሞዴል ላይ ግን ቅርጹንና የገጽ ምስሎቹን በመስመሩ ላይ ማጓጓዝ አያዋጣም። በዚያ ላይ መልስ የሚጠብቅ እያንዳንዱ ጥያቄ የደርሶ መልስ ጉዞ ያስከፍላል። ስለዚህ ሥዕሉ ግራፊክስ ካርዱ ባለበት ተሥሎ ያልቃል፤ የሚጓዘው ውጤቱ ብቻ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ምስል በሰከንድ 60 ጊዜ ሳይጨመቅ ቢላክ ወደ 3 ጊጋቢት ይጠጋል። ኢንኮደሩ (ምስሉን የሚጨምቀው ክፍል) ይህንን ወደ 20 ወይም 30 ሜጋቢት ያወርደዋል።

በሰከንድ 60 ምስል ማለት ለእያንዳንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ምልክቱ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል፤ ብሌንደር ይሥላል፤ ሰንሻይን ቀድቶ ይጨምቃል፤ ምስሉ ተቆራርጦ የሚጓዝባቸው ፓኬቶች ይመለሳሉ፤ ላፕቶፑ ይፈታቸዋል፤ በመጨረሻ ማያው እስኪታደስ ይጠበቃል። ከሙንላይት ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ሰንሰለት ከፋፍሎ ማሳየቱን ነው። ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና ኤስ አንድ ላይ ሲጫኑ የሰርቨሩ ጊዜ፣ የኔትወርኩ መዘግየት፣ የመፍቻው ጊዜና ምስሉ በወረፋ የቆየበት ጊዜ ለየብቻ ይወጣሉ። «ኔትወርኩ ዘገምተኛ ነው» የሚለው ግምት በብዙ ቀናት ከንቱ ሆኖ ሲገኝ አይቻለሁ። ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በመፍቻው ወይም በማያው ዘንድ ነው።

ስለ ቢትሬት (ቪዲዮው በሰከንድ ስለሚልከው የመረጃ መጠን) ብዙ የተሳሳተ ምክር ስለሚሰጥ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። «መስመርህ የቻለውን ያህል ክፈተው» ይባላል። በ50 ሜጋቢት በሰከንድ 60 ምስል ሲላክ አንዱ ምስል በአማካይ 104 ኪሎባይት ገደማ ይሆናል። ይህ በ100 ሜጋቢት መስመር ላይ አልፎ ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የአንዱ ምስል ዕድሜ ግማሽ መሆኑ ነው። በ1 ጊጋቢት ገመድ ግን 0.8 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። መስመሩ ቪዲዮውን «ይችላል» ማለትና ምስሉ በጊዜው ይደርሳል ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ በ25 ሜጋቢት እሠራለሁ፤ የሞዴሉ ጠርዞች ጥርት ብለው ይታዩኛል፤ ጠቋሚዬም አይጎተትም።

ከቤት ውጭ ስሆን ትልቁ ጠላት ራውተር ውስጥ የሚጠራቀመው የፓኬት ክምችት ነው። ቡፈርብሎት ይሉታል። አንድ ሰው በሰርቨሩ ቤት ትልቅ ፋይል ወደ ኢንተርኔት መጫን ሲጀምር ራውተሩ ፓኬቶችን ከመጣል ይልቅ ያጠራቅማል፤ የእኔ ምስሎችም ከፋይሉ ኋላ ተሰልፈው ይቆማሉ። መዘግየቱ ከጥቂት አሥር ሚሊሰከንድ ወደ መቶዎች ይዘላል፤ አንድም ፓኬት ግን አልጠፋም! ይህንን ችግር ለዓለም ያሳወቀው ጂም ጌቲስ ቀደም ሲል ኤክስ ዊንዶው ሲስተምን ከፈጠሩት አንዱ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ሥዕልን በርቀት የማሳየትን ጣጣ ከሁለቱም ጫፍ ያየ ሰው ነው። መፍትሔውም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ኮዴል የተባለውን ዘዴ አቀረቡ፤ ፓኬት በወረፋ የቆየበትን ጊዜ እየለካ ወረፋው እንዳይረዝም ያደርጋል። ኤፍኪው-ኮዴልና ኬክ የተባሉት ተከታዮቹ ደግሞ አንዱ ፍሰት ሌላውን እንዳይጫነው ለየብቻ ያሰልፏቸዋል። ኬክን የሚደግፍ ራውተር አስገብቼ የመጫኛ ፍጥነቱን ከመስመሩ እውነተኛ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጌ ወሰንሁት። ወረፋው ከአገልግሎት አቅራቢው ሞደም ወጥቶ እኔ ወደምቆጣጠረው ሳጥን መጣ። በእነዚህ ወራት ካደረግሁት ማሻሻያ ሁሉ የዚህን ያህል ለውጥ ያመጣ የለም። አዲስ ግራፊክስ ካርድ እንኳን አይስተካከለውም።

ዋይፋይ ይሠራል፤ ግን አላምነውም። አየሩ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ይጠብቃል፤ የተበላሸ ፓኬትም እንደገና ይላካል። ላፕቶፑ ሌሎች ኔትወርኮችን ለመቃኘት ለአፍታ ሲዞር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። እጅ የማይለዋወጥ 25 ሚሊሰከንድን ይለምዳል፤ ከ8 ወደ 40 እየዘለለ የሚመለስን መዘግየት ግን ፈጽሞ አይለምድም። ለቅርጻ ሥራ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ገመድ። ገመድ ካልተቻለ 5 ጊጋኸርዝ፣ ከኃይል ቆጣቢው ተግባር ውጭ።

የፕሮቶኮሉ ንድፍ አክብሮት ይገባዋል። ቪዲዮው የጠፋን ፓኬት በማይጠብቀው የመላኪያ ደንብ፣ በዩዲፒ፣ ይጓዛል፤ ሁሉን በተራው በሚያደርሰው በቲሲፒ ቢሆን አንድ የጠፋ ፓኬት ከኋላው ያሉትን ሁሉ ያስቆም ነበር። በምትኩ ትርፍ የማረሚያ ፓኬቶች አብረው ስለሚላኩ ጥቂቶች ቢጠፉ ምስሉ ከቀሩት ይጠገናል። የወደፊቱን ምስል ጠብቀው የሚጨመቁት ቢ-ፍሬሞችም የሉም። በፊልም ላይ ቦታ ይቆጥባሉ፤ እዚህ ግን ገና ያልተሣለን ምስል መጠበቅ ማለት ነው።

በላፕቶፑ በኩል የመጭመቂያው ዓይነት የሚመረጠው በመፍቻው አቅም ነው። ኤቪ ዋን በትንሽ ቢት የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ የእኔ ላፕቶፕ ግን በሃርድዌር አይፈታውም። ስለዚህ ኤች.265ን እጠቀማለሁ። ምስሉን ከማያው መታደስ ጋር የሚያስማማውን ቪ-ሲንክን ማጥፋት ጥቂት ሚሊሰከንድ ያድናል፤ በምትኩ ምስሉ አልፎ አልፎ በመሃል ይሰነጠቃል። ሞዴል ሳዞር መሰንጠቁን እታገሣለሁ፤ የተቀረጸ እንቅስቃሴ ስመለከት ግን መልሼ አበራዋለሁ።

ለርቀት ዴስክቶፕ የተዘጋጀው የማውስ ቅንብር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። ጠቋሚው በላፕቶፑ ላይ እንዲሣል ሲደረግ (ኮንትሮል፣ አልት፣ ሺፍትና ሲ) ከእጅ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ የሚዘገየው ዕቃው ብቻ ነው። ምናሌ ለመክፈትና ነጥብ ለመምረጥ ትልቅ እፎይታ ነው። በብሩሽ ለመቅረጽ ግን አይረዳም፤ እንዲያውም ጠቋሚው ቀድሞ ጭቃው ኋላ ሲቀር ዓይንን ያደናግራል። ለዚያ ሥራ የሰርቨሩን ጠቋሚ እመርጣለሁ።

ቀለም ሌላው ጉዳይ ነው። 4:2:0 የተባለው የተለመደ የቀለም አላላክ የቀለም መረጃን ስለሚቀንስ ቀይ ቀጭን ጽሑፍ በጥቁር ላይ ይደበዝዛል። አዳዲሶቹ ስሪቶች ቀለሙን የማይቀንስ 4:4:4 ምርጫ አላቸው፤ ሁለቱም ማሽኖች በሃርድዌር ከደገፉት መውሰድ ነው።

ርቀትን ግን ምንም ቅንብር አያሸንፈውም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ 1,000 ኪሎሜትር የፋይበር መንገድ በደርሶ መልስ ቢያንስ 10 ሚሊሰከንድ ያስከፍላል፤ ኬብሉም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከሌላ ከተማ ስሆን ብርሃን አስተካክላለሁ፤ ካሜራ አቆማለሁ፤ የቁስ ቀለም እመርጣለሁ። የብሩሽ ሥራውን በዝቅተኛ ዝርዝር እዚያው ላፕቶፑ ላይ ሠርቼ ፋይሉን እልካለሁ።