የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ለሚጠይቅ ቲቶሪያል ብር አትስጡ

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ልጅ የምታስጠኑ ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን ሳታነቡ አትክፈሉ። ፈተና በቀረበ ቁጥር በየምሰሶውና በየሱቁ በር የሚለጠፈው ወረቀት ይበዛል። «የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች! መቶ በመቶ እናሳልፋለን! በአንድ ቡድን አምስት ተማሪ ብቻ! የሦስት ወር በቅድሚያ ለሚከፍል ቅናሽ አለ!» እህቴና ባለቤቷ ይህንኑ አምነው ነው የከፈሉት።

ልጃቸው የምትማረው እኔ ዘንድ ሆና ነው። እነሱ ባሉበት ቀበሌ ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ ወደ ከተማ መጥታ 8ኛ ክፍል ገባች። አባቷ እነማይ ላይ ያመረተውን ጤፍ ሸጦ የሦስት ወሩን በአንድ ጊዜ ላከ። አምስት ተማሪ የተባለው ቡድን ሄጄ ሳየው ልጆች በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆነው ተጣበው የተቀመጡበት ክፍል ነው። አስተማሪው በየጊዜው ይቀያየራል፤ አዲስ የመጣው የፊተኛው የት እንዳደረሰ አያውቅም። መንገድ ተዘግቶ ከተማው እንቅስቃሴ ባቆመባቸው ቀናት ትምህርት አልነበረም፣ ክፍያው ግን ተቆጥሯል። ማካካሻ ወይም የቀረውን ብር ስንጠይቅ የከፈልንበትን ወረቀት ገልብጠው ከጀርባው ያለውን አሳዩን፦ «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም»። ሲቀበሉን ይህን ያነበበልን የለም። ወረቀቱም ቢሆን ማኅተም የተመታበት ብጣሽ እንጂ ሕጋዊ ደረሰኝ አይደለም።

ከብሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ደብተሯ ነው። ሲያዩት ያምራል። መልሱ ሁሉ ትክክል፣ ገጹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ «ራይት» የተደረገበት ነው። አንድ ቀን ማታ ደብተሩን ዘግቼ ሁለት ሦስተኛ ሲደመር አንድ አራተኛ ስንት ነው አልኳት። ሳታመነታ ሦስት ሰባተኛ ብላ ጻፈች። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምራ ማለት ነው። ሁለት ሦስተኛ ብቻውን ከግማሽ ይበልጣል፣ ሦስት ሰባተኛ ደግሞ ግማሽ እንኳ አይሞላም። መልሱ አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው። ደብተሯ ላይ ያለው ሁሉ ከሰሌዳ የተገለበጠ ነበር። እሷን የያዛት የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አይደለም፣ ገና ታች ክፍል ላይ ያልገባት ክፍልፋይ ነው። ይህን ለማወቅ የአንድ ምሽት ጥያቄ በቂ ሆኖ ሳለ ብሩን የተቀበሉት ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቋትም።

ይህ የእሷ ብቻ ችግር አይደለም። የአሁኖቹ ልጆች በ2012 በኮሮና ምክንያት ከትምህርት ቤት ቀርተዋል፣ ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በብዙ የጎጃም ወረዳዎች በጦርነቱ ትምህርት ተቆራርጧል። ስለዚህ ክፍተት የሌለበት ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ክፍተት ያለበትን ልጅ አርባ ሰው በሚቀመጥበት አዳራሽ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው፤ እዚያ የሚሄደው ምዕራፉ ብቻ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ የሚሆነው ቤት መጥቶ ለብቻው ወይም ከአንድ ሁለት ጓደኞቹ ጋር የሚያስጠናው ሰው ነው። እኛ ከተማ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በትርፍ ሰዓታቸው ይህን ይሠራሉ። ትምህርቱ ገብቶት ልምምድ ብቻ የጎደለው ልጅ ግን ከአራት አምስት ልጆች ጋር የቆዩ ፈተናዎችን ቢሠራ ይበቃዋል። ትልቁ ክፍል ከጠቀመ መሠረቱን ለጨረሰና ሰዓት አጠቃቀም መለማመድ ለሚፈልግ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሰነፍ ስለመሰላችሁ ብቻ ቲቶር ልትቀጥሩለት ያሰባችሁት ልጅ ካለ፣ መጀመሪያ ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የቤት ሥራውን ሲሠራ እዩት።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው፣ የቅኔ ቤቱን ሥርዓት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ተማሪው ቅኔውን ራሱ ቆጥሮ፣ ማለትም ራሱ ደርሶ፣ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም የተሳተውን ያቀኑለታል። ቆጥረው አይሰጡትም። ቲቶር ስትመርጡም ይህንኑ ፈልጉ፤ እስክሪብቶው በልጁ እጅ ይሁን። የቤት ሥራ ሠርቶ የሚሰጥ አስጠኚ የክፍል ውጤት ያሳምር ይሆናል፣ ሰኔ ላይ ግን ፈተናው ውስጥ ልጁ ብቻውን ነው።

ከመስማማታችሁ በፊት የመጀመሪያው ቀን መመዘኛ እንዲሰጥ ጠይቁ፣ የተሠራበትን ወረቀትም ተቀበሉ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ «ልጄ ምን ይጎድላታል?» በሉት። «ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ትኩረት ነው» ካለ አላያትም ማለት ነው። ያያት ሰው «ክፍልፋይ አልገባትም፣ ሲካፈል ትሳሳታለች» ብሎ ለይቶ ይነግራችኋል። የሚጠቀምበትንም መጽሐፍ እዩ፦ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ የመጻሕፍቱ ይዘት ተለውጧል። ለእኛዋ ልጅ ይሰጣት የነበረው ወርክሺት ግን ከድሮው መጽሐፍ የተባዛ ነበር።

«መቶ በመቶ እናሳልፋለን» የሚለውን ደግሞ ከቁጥሩ ጋር አስተያዩት። በአገር አቀፍ ደረጃ የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚህ መሃል ማንም ሰው ልጃችሁን ሳያውቃት ውጤቷን ሊያረጋግጥላችሁ አይችልም። «ካላለፈች ብራችሁን እንመልሳለን» የሚሉትም «አንድም ቀን ካልቀረች» የሚል ቃል ከሥሩ ያስገባሉ፤ መንገድ በሚዘጋበት አገር አንድም ቀን የማይቀር ልጅ ከየት ይመጣል? በቴሌግራም «ፈተናው እጃችን ገብቷል» ብለው በቴሌብር ላኩልን የሚሉትን ጭራሽ አትመልሱላቸው።

ክፍያውን በክፍለ ጊዜ አድርጉት፣ ግፋ ቢል በሳምንት። በዚህ ጊዜ ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ የለም፣ ያልተሰጠ ትምህርት የሚከፈልበት ምክንያት የለም። በክፍለ ጊዜ መቀበልን አሻፈረኝ ካለ ሌላ ፈልጉ።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ዝም አትበሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አገልግሎት የሚገዛንም ሰው ይጠብቃል፤ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥም ያስገድዳል። የተለጠፈውን ማስታወቂያ ፎቶ አንሱት፣ የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ፣ ልጃችሁ የተማረችበትንና የቀረባትን ቀን ጻፉ፣ ከዚያ ለንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። አብረው የከፈሉ ወላጆችን ፈልጋችሁ በአንድ ማመልከቻ ብትፈርሙ ይሻላል። እኛም አሁን ፊርማ እያሰባሰብን ነው።